በጭቃ የታቀፈው ፎቶ

የፎቶ ፍሬሜ ዛሬም ወደቀ። የተከራየሁት ቤት ባለቤት ግድግዳው ላይ ምስማር እንዲመታ አይፈልጉም። ለዚህ ነው ጀርባው የሚጣበቅ ፍሬም የገዛሁት። «ስታነሺው እንኳ ምልክት አይተውም» ብሎኝ ነበር ባለሱቁ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ማጣበቂያውን አቅልጦታል። ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

ሽታው ልጅነቴን፣ ካራቆሬ ያለውን የአክስቴን የእትዬ አስካለን የጭቃ ቤት አመጣብኝ። ወጥቶ የቀረው ልጃቸው ፎቶ ግድግዳው ላይ በግራር ሙጫ ተለጥፎ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲመረግ እትዬ በሰፊው መዳፋቸው ጭቃውን እየለጠፉ ይመጡና ፎቶው ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቀስ ይላል። በጣታቸው ጫፍ ዙሪያውን ብቻ መርገው ያልፋሉ። ግድግዳው በየዓመቱ እየወፈረ ፎቶው ወደ ውስጥ ገባ። ልጁ በትንሽ መስኮት የሚያየን ይመስል ነበር።

«እትዬ፣ ለምን አንስተውት አይመርጉም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ከግድግዳው ባላቅቀው ፊቱ ይቀደዳል» አሉ። ጭቃውን ከእጃቸው አራገፉ። ከዚያ፣ «ደግሞስ አንድ ቀን መጥቶ፣ ‹እማዬ፣ ቦታዬን ደፈንሽው?› ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?»

ፍሬሙን ከወለሉ አነሳሁት። ውስጡ ያሉት እትዬ ናቸው፤ በነጭ ነጠላ፣ ሳይስቁ። ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት። ባለሱቁ አልዋሸም፤ አንድም ምልክት የለም። እትዬ ዛሬ በዚህ በር ቢገቡ፣ ቦታቸው የቱ ጋ እንደነበር ላሳያቸው አልችልም።