እማዬ ለቁርባን ያሰፋችው ቀሚስ

ሳጥኑን ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው የናፍታሊን ሽታ ነው። ከሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ እማዬ ለቁርባን ብላ ያሰፋችው ነጭ ቀሚስ አለ። አንድም ቀን አልለበሰችውም።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ መካኒሳ ነበርን። ወላጅ አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እማዬን ብታውቃት ትወዳት ነበር፤ አፏ ነው እንጂ ክፉ። ቦኖ ውሃ ተራ የሚይዙ ሴቶች ሁሉ ይፈሯታል። ሁዳዴ ሲቃረብ “ዘንድሮስ እቆርባለሁ” ትልና ቀሚሱን አጥባ ታሰጣዋለች፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ከዚያ አንዷ ጀሪካኗን ታስቀድምባታለች፣ እማዬም የአፏን ትናገራለች። አመሻሽ ላይ ቀሚሱን እያጣጠፈች፣ “በዚህ አፍ ሥጋ ወደሙ? ለፍልሰታ ይሁን” ትላለች። ፍልሰታም ይመጣል፤ ጀሪካንም አይጠፋም።

የንስሐ አባቷ የሚሏት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። “ልጄ፣ ሰው ተቀድሶ አይቀርብም፤ ቀርቦ ነው የሚቀደሰው። ቅድስናው የእግዚአብሔር ነው። አንቺ ንስሐ ገብተሽ ቅረቢ።”

“እውነትዎን ነው አባቴ” ትላለች፤ “ትንሽ ልታረም።”

እታረማለሁ እንዳለች ታመመች። ሆዷ ውስጥ ነው አሉን ሐኪሞቹ፤ ሌላ አልጨመሩም። ክረምቱን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ስታዳምጥ ከረመችና አንድ ጠዋት “አባን ጥሪልኝ፤ እቆርባለሁ” አለችኝ። ለእሁድ ተሸክመን ልንወስዳት ተነጋገርን። ቀሚሱን እየተኮስኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባ መጥተው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የቆረበ ሰው እንኳን ሊያስመልሰው ምራቁንም አይተፋም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። “ልጄ፣ የበላሽው ይረጋልሻል?” አሏት። አዎ ብትል ምን ነበረበት እያልኩ ዛሬም እናደድባታለሁ። ያ ማንንም የማይምር አፏ እሷንም አልማራት።

“ውሃም አይረጋልኝም፣ አባቴ።”

አባ “ሲሻልሽ” አሉና በመስቀላቸው ባርከዋት፣ ጠበል ረጭተዋት ወጡ። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። “አፌን ስይዘው ሆዴ እምቢ አለኝ” አለች። አልተሻላትም።

ዛሬም ቅዳሴ ላይ ከኋላ ነው የምቆመው። ሕፃናቱ ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ አያለሁ። አባ ያሉትን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እግሬ ግን አይሄድልኝም። መሥሪያ ቤት ብትል፣ ታክሲ ተራ ብትል፣ ያልተናገርኩት ክፉ የለም፤ የእሷው ልጅ ነኝ።

ቀሚሱን ለበስኩት። ልኬ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አውልቄ አጣጠፍኩትና፣ “ለፍልሰታ ይሁን” ብዬ ወደ ሳጥኑ መለስኩት።