ብረት ውሃ የሚጠጣበት ሰዓት

የሠራሁት የመጀመሪያ ቢላ ሽንኩርት ሲቆርጥ ተጣመመ። ሁለተኛው ከጠረጴዛ ወድቆ እንደ ብርጭቆ ለሁለት ተከፈለ። ሦስተኛውን ለባለቤቴ ስሰጣት አመስግና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ አሮጌውን ቢላ አውጥታ ሥራዋን ቀጠለች። ጎፋ ውስጥ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለኝ፤ ከብረት ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። በአንዲት ቢላ መሸነፌ አንገበገበኝ።

መቀጥቀጡ አልከበደኝም። ከጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ ገዝቼ፣ አግዬ፣ መልኩን አወጣለሁ። ያቃተኝ የመጨረሻው ነገር ነው። ስለት የሚሆን ብረት ግሎ በትክክለኛዋ ቅጽበት ውሃ ውስጥ ካልገባ ወይ ይለዝባል ወይ ይሰነጠቃል። ይህን ውሃ ማጠጣት እንለዋለን። ስልኬ ላይ ያሉ ቪዲዮዎች ሁሉ «ቀለሙ ሲደርስ ክተተው» ይላሉ፤ ቀለሙን ግን የስልክ ካሜራ አያሳይም፤ ሁሉንም ነጭ ያደርገዋል።

የሰፈራችን ሥጋ ቆራጭ ከአሥር ዓመት በላይ የያዘው ካራ አለው። ቀጥኖ ቀጥኖ የጣት ያህል ቀርቷል እንጂ ስለቱ ያው ነው። ማን እንደሠራለት ስጠይቀው ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፉሪ ጫፍ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ መሆናቸውን ነገረኝና «ስትሄድ በልተህ ሂድ፤ እዛ እንዳትበላ» አለኝ። ቀጥቃጭ ዓይኑ ይበላል፣ ፊቱ ምግብ አይቀርብም ሲባል ነው ያደግነው። በዚህ ዘመን ይህን የሚያምን አለ ወይ ብዬ በልቤ ሳቅኩበት። በማግስቱ ጠዋት ግን ቁርሴን ጥርግ አድርጌ በልቼ ነው ታክሲ የተሳፈርኩት።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ዙሪያውን ባለፎቅ ቤቶች እየተሠሩ ነው፤ መሀል ላይ አንድ የቆርቆሮ ቤት ብቻዋን ቀርታለች። ሽማግሌው በር ላይ ቁጭ ብለው ሞረድ ይዘው ማጭድ ይስላሉ። የመጣሁበትን ስናገር እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ሙያቸውን የሚደብቁ፣ የሚያስለምኑ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። እሳቸው ግን «ማክሰኞና አርብ ና፤ ውሃ የማጠጣው በነዚህ ቀናት ነው» አሉኝ። አባባ እላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል፣ ጸጉሬ ሸበት ማለት መጀመሩን ሳያዩ።

ስለ መዶሻ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ ጉጠት አያያዝ ያልነገሩኝ የለም። ውሃ የሚያጠጡበት ሰዓት ሲደርስ ግን በሩንና መስኮቱን ይዘጉታል፤ ረፋድ ነው፣ ውጪ ፀሐይ አለ፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ቀለም የሚለየው በጨለማ ስለሆነ ይህ አልገረመኝም። ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሕግ አስታወቁኝ፤ ብረቱ እሳት ከገባ ጀምሮ ውሃው ዝም እስኪል ድረስ ከእሳቸው በቀር ማንም አይናገርም። ከምድጃው ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ እስከ ግማሹ የተቀበረ ትልቅ ጋን አለ፤ ውሃው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከጋኑ ማዶ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ አንዲት ዱካ፣ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ነበረች። ልቀመጥባት ስል «እዛ አትቀመጥ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ብረቱ ግሎ የቤቱ ብርሃን እሱ ብቻ ሆነ። አባባ ፊታቸውን ከእሳቱ መለሱና ወደዚያ ማዕዘን ዞሩ። ቀስ ብለው፣ ሰው ልጁን እንዳይቀሰቅስ በሚያወራበት ድምፅ፣ «ደረሰ?» አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ከማዕዘኑ በኩል ግድግዳው ጠቅ አለ።

ብረቱን መዝዘው ጋኑ ውስጥ ከተቱት፤ ጮኸ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ዝም አለ። ቢላው ላይ ሞረድ ሲያሳልፉበት ሞረዱ ተንሸራተተ፤ ይህ የጠነከረ ብረት ምልክት ነው። እኔ ግን የማየው ሞረዱን ሳይሆን ማዕዘኑን ነበር። ቆርቆሮ ሲሞቅ ይንጣጣል፣ እኔም ቤት አለ፣ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ሲወጡ ጠብቄ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጉጠቱን ሳላስበው ከቦታው አንስቼ መስፉ፣ መቀጥቀጫው ብረት፣ ላይ አስቀመጥኩት። አባባ እጃቸውን ዘረጉና ባዶ ቦታ ዳበሱ። እንደገና ዳበሱ። ያኔ ገባኝ። ሄጄ እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ሳቅ አሉ። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ስድስት ዓመት እንዳለፈው፣ ብርሃንና ጨለማ ብቻ እንደሚለዩ ነገሩኝ። እንዴት ይሠራሉ ታዲያ ብዬ ጠየቅኩ። መዶሻው እጅ ያውቀዋል አሉ። ውሃውስ ስላቸው ፊታቸውን ወደ ዱካዋ አዞሩ።

ባለቤታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ከእሳትና ከሸክላ ጋር ሲነጋገሩ ኖረው፣ ቀለም የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ እንጂ አባባ አልነበሩም። «ዓይኔ ደህና እያለም አላውቀውም ነበር» አሉኝ። «ስሙ የኔ ነው፤ ውሃው የእሷ ነው።» እዚያ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ብረቱን እያዩ፣ ሲደርስ በጥፍራቸው ቆርቆሮውን ጠቅ ያደርጋሉ፤ ማሰሮ ደህና መሆኑን አንኳኩቶ የሚያይ ሰው ልማድ ነው። ጋኑንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ካቻምና ሞቱ።

«ትሰማታለህ አይደል?» አሉኝ።

እሰማለሁ አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ አንድ ነገር እሰማ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን ሁለተኛ አልመለስም አልኩ። አርብ ዕለት ተመለስኩ።

የመለሰኝ ጀግንነት ሳይሆን ስስት ነው። ጠቅ በሚልበት ቅጽበት ብረቱን ባየው ቀለሙን እይዘዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ደብተር ይዤ እየሄድኩ እጽፍ ጀመር፤ የበርበሬ ቀለም፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሚጠልቅ ፀሐይ። ቤቴ ሄጄ ስሞክረው አንዱም አይሠራም። ባለቤቴ ደብተሩን አንብባ የጓዳ ዝርዝር መሰለኝ አለችኝ። ከሞተች ሴት እየተማርኩ መሆኑን አልነገርኳትም።

አንድ ማክሰኞ ለራሴ የቀጠቀጥኩትን ካራ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ተዘጋ፣ ብረቱ ገባ፣ ጋለ። ወደ ምድጃው ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። የዚያን ቀን በጋለው ብረት ውስጥ አንድ ጥላ ሲያልፍ አየሁ። እላዩ ላይ ሳይሆን ውስጡ ነው። ከጫፉ ተነስቶ፣ ሰው በመጋረጃ ጀርባ እንደሚያልፍ፣ ዝግ ብሎ ወደ እጀታው ሄደና ጠፋ። አፌ ቀደመኝ።

«በስመ አብ ወወልድ» አልኩ።

አባባ ወዲያው «ደረሰ?» አሉ። መልስ የለም። ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። ብረቱ እየነጣ ሄደ፣ ጫፉ ብልጭታ መትፋት ጀመረ። መጨረሻ ላይ በግምት ከተቱት። ውሃው ሲንጫጫ በመሀል ቲንግ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ሲሰነጠቅ ነው።

መስኮቱን ከፈቱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ምነው ልጄ፣ በገዛ ቤቷ?» አሉ። ቃሉ እንዳልከፋቸው፣ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት እንደሚሉት፣ ግን ባለቤታቸው ማሰሮ አዝለው ገበያ ሲወጡ ሰው እሳቸውን አይቶ ልጁን በነጠላው እየሸፈነ የሚለው ይህንኑ እንደነበር ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰይጣን ማባረሪያ ሲባልባቸው ኖሩ። ያን የማይሰሙት እዚህ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። በልቤ በሥጋ ቆራጩ ስስቅ የነበርኩት ሰውዬ አፈርኩ። በልቼ የመጣሁትን ቁርስ ሁሉ አስታወስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠቅታው ቀረ። ክረምቱ ገብቶ ቆርቆሮው ስለረጠበ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። አባባ ግን እየጠየቁ ይጠብቃሉ፤ ዝም ሲላቸው እንደገና በለሆሳስ ይጠይቃሉ። የደንበኛ ማጭድ ተሰነጠቀ። አንድ መጥረቢያ ተሰነጠቀ። ስንጥቅጥቁን እየዳበሱ ከዱካዋ ሥር ይደረድሩታል። ሰውየው በአንድ ወር ውስጥ አረጁ፤ ያስረጀኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

በመጨረሻ መሸከም አቃተኝና ያየሁትን ነገርኳቸው። ቀለሙ አይደለም አባባ፣ ጥላ አለ፤ አልፎ ሲጠፋ ያኔ ነው የሚደርሰው አልኩ። አባባ ብረት እሳት ውስጥ ጨመሩና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠየቁ። ጥላው መጣ፣ ተሻገረ፣ ጠፋ።

«ደርሷል» አልኩ።

ሞረዱ ተንሸራተተ። ቢላውን ጆሮአቸው ሥር ይዘው በጥፍራቸው ነኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «አገኘኸው። የእሷን አገኘኸው» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ስንት ዓመት ያንገበገበኝ ነገር እጄ ገባ።

እሳቸው ግን ወደ ዱካዋ ዞረው ነበር። ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «ለጠየቀህ ሁሉ ንገር። እሷን በምን እንደምታውቀው ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ብሆን ዓይኔ እያለ አልጠየቅኳትም። አንተ ግን ከእንግዲህ አትምጣ።»

ተናደድኩ። ዓይን የሚሆንዎት ማን ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ሊሸሽዎት ነው፣ እኔ እያለሁ ለምን ብረት ያበላሻሉ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ ታገሡኝ። «ቤቱ ባዶ ከሆነ እሷ ትመለስ ይሆናል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ፉሪ አልሄድኩም። ቢላዎቼ ያማሩ ሆኑ፤ ሥጋ ቆራጩ ራሱ አንድ አዘዘኝ። ጥላውን ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፣ ለመካኒሳ ብየዳ ሠሪዎች ሳይቀር አሳይቻለሁ። ማን አስተማረህ ሲሉኝ አንዲት ሸክላ ሠሪ እላለሁ፤ እንደ ቀልድ ይወስዱታል። ማክሰኞና አርብ ሲደርስ ግን እጄ ሥራ ላይ አይረጋም።

መስከረም ገብቶ፣ አንድ አርብ ረፋድ ላይ ፉሪ ወረድኩ። ከሩቅ ሰላም መሆናቸውን አይቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። መስኮቱ ተዘግቷል። በቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ ማዕዘኑ ጋ፣ ቆርቆሮው ላይ ባለች የምስማር ቀዳዳ አጮለቅኩ። ብረቱ ግሏል። አባባ አጠገቡ ቆመው ፊታቸው ወደ እኔ ነው፤ ማለቴ ወደ ዱካዋ። ከሥሯ ያለው የተሰነጠቀ ብረት ክምር ጨምሯል።

«ደረሰ?» አሉ።

ጥላው መጣ። ሲሻገር አየሁት። ጠፋ። ማንም አልመለሰም። «ደረሰ ወይ?» አሉ ዳግመኛ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በዚያው ልጅ በማይቀሰቅስ ድምፅ። ብረቱ መንጣት ሊጀምር ነው። እንዳልመጣ ተነግሮኛል። ዕውር ማታለል ነው፣ የሞተችን ሴት ቦታ መቀማት ነው፤ ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ።

በጥፍሬ ቆርቆሮውን ጠቅ አደረግኩት።

ብረቱ ውሃ ገባ። ጮኸ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ዝም አለ። ቲንግ የለም። ጨለማው ውስጥ አባባ ጉጠቱን ሲያስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ሲራመዱ ሰማሁ። ከእኔ የሚለያቸው አንዲት ቆርቆሮ ብቻ እስክትሆን ቀረቡ።

«የት ቆይተሽ ነው?» አሉ።

አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማክሰኞና አርብ ጠዋት የበር ሥራ አልቀበልም።