አሥራ አንድ የወረቀት ጥቅል

ሦስት ቀን ሙሉ እናቴን አንዲት ፍሬ መድኃኒት ለማስዋጥ ስታገል ሰነበትኩ። ጤና ጣቢያ ያሉት ልጆች መርምረው የአንጀት ትል ነው አሉኝና አንድ ጊዜ ታኝካ የምትውጣት ክኒን ሰጡኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማኘክና መዋጥ። እናቴ ግን ክኒኗን ባየች ቁጥር ከንፈሯን ግጥም ታደርግና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በማር ልስጥሽ አልኳት፣ በገብስ አጥሚት ልስጥሽ አልኳት፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ ወይ ፍንክች። ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ አንዳንድ ቀን ስሜን እንኳ የምትረሳ ሴት ይህን ያህል እልህ ከየት እንደምታመጣው እግዜር ይወቅ። እኔም ብሆን ልጅ አይደለሁም። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቴን ይዞኛል፣ ሰው መለማመጥም ታክቶኛል።

ዛሬ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ክኒኗን ከነማሸጊያዋ ጠረጴዛው ላይ ጣል ሳደርጋት መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበርና ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ስሙን ሳየው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሰው የመድኃኒት ስም ነው፤ ለእኔ ሥዕል ነው። በዚያች ነጭ ፍሬ ውስጥ በዓይን የማትታይ ቀለበት አለች። ስድስት ማዕዘን ካለው ሌላ ቀለበት ጋር ተጣብቃለች፤ የራሷ ማዕዘን አምስት ነው፣ በሁለቱ ላይ ናይትሮጅን ተቀምጦባቸዋል። ትሉን በረሃብ የምትጨርሰው እሷ ናት። በሃያ አራት ዓመቴ አንድ ክረምት ሙሉ ይቺን ቀለበት ለመሥራት ስባዝን ከርሜያለሁ። ስለዚያ ክረምት ለማንም አውርቼ አላውቅም።

ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ጥናቴ የበግ የትል መድኃኒት መሥራት ስለነበር በግ ወዳለበት አገር ሂጂ ተባልኩና ደብረ ብርሃን ዳር ባለች ሁለት ክፍል ላቦራቶሪ ተመደብኩ። አለቃዬ ዶክተር ታዬ ከቆላ አገር የመጡ፣ ብርዱ አልስማማ ያላቸው፣ ሐምሌም ይሁን ጥር ከካፖርታቸው የማይለዩ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ሥራው ለሚያየው ሰው ከማድ ቤት ሥራ ብዙም አይለይም። ሁለት ነገር ይቀላቀላል፤ አንዱ አየር ሲነካው የሚጠቁር ዱቄት ነው፣ ሌላው ጉንዳን ስትነክስ የሚያቃጥለው ዓይነት አሲድ። ጠርሙሱ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሁለት ሰዓት ይቆይ ይላል መጽሐፉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀለበቱ ይገጥማል፣ መጨረሻ ላይም ነጭ ዱቄት ይወጣል። ንጹሕ ከሆነ ሲሞቅ በአንድ የሙቀት ልክ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀልጣል።

የእኔ ግን አልነጣ አለ። ሁልጊዜ ቡናማ ይልብኛል። ሲሞቅም መጽሐፉ ከሚለው በብዙ ቀድሞ መላወስ ይጀምርና ሳይቀልጥ ሳይጠነክር እንዲሁ ይጃጃላል። ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። መስኮቱን ጉም ሸፍኖት፣ እግሬ ጎማ ጫማ ውስጥ ደንዝዞ፣ የሚንተከተከውን ውሃ ቆሜ እያየሁ ሁለት ሁለት ሰዓት እቆጥራለሁ። ዶክተር ታዬ «ድገሚው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

የቸኮልኩት ለዲግሪው ብቻ አይደለም። እናቴ አንኮበር ላይ አሥራ አንድ በጎች ነበሯት። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእነዚያ በጎች ነው። በዚያ ክረምት በጎቹ መንጋጋቸው ሥር ውሃ ቋጠሩ፣ ፀጉራቸው ሲነኩት ይነቀል ጀመር። ትል መሆኑ ግልጽ ነው። ነጋዴ መጥቶ ሳይሞቱብሽ ሽጪልኝ ቢላት እናቴ እምቢ አለች፤ ምክንያቱም ግንቦት ላይ ልጠይቃት ሄጄ፣ መድኃኒቱን በገዛ እጄ ሠርቼ አመጣልሻለሁ ብያት ነበር። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። እሷም አመነችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከቄራ የበግ ጨጓራ አምጥተን ትሎቹን ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ አድርገን ከዱቄቴ ጨመርንባቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ቀጥ አሉ። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ዶክተር ታዬ ግን ሳህኑን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ትሎቹን ምን እንደገደላቸው ገና አናውቅም አሉ፤ ዱቄቱ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ እንዳይልም አስጠነቀቁኝ። ፈሪ ሰው ናቸው ብዬ በሆዴ ናቅኳቸው። ለዘመን መለወጫ ፈቃድ ስወጣ ዱቄቱን በሻይ ማንኪያ እየለካሁ በደብተር ወረቀት አሥራ አንድ ቦታ ጠቀለልኩና ከበሶ ከረጢቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አንኮበር ሄድኩ።

እዚህ ላይ የቤታችንን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። ያገራችን ሰው ጥሬ ሥጋ ይወዳል፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ኮሶ ያመጣል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ከጫካው ይመጣና ተወቅጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የቀመሰ ያውቀዋል፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ምላሴ ይሸሻል። አባቴ ለማንም ከመስጠታቸው በፊት መጀመሪያ ራሳቸው አንድ ጉንጭ ይጎነጩ ነበር፤ ትል ኖረባቸውም አልኖረባቸውም። ፊታቸው ጭምድድ ይላል፣ ከዚያ ዋንጫውን ያቀብላሉ። እሳቸው ካረፉ በኋላም እናቴ ልማዱን አልተወችም። እኔ ግን ተምሬያለሁ፣ ይህን ሁሉ ንቄ ረስቼዋለሁ።

ሁለት ቀን አብሬያት ሰንብቼ የምመለስ ዕለት ማለዳ ጥቅሎቹን ሰጠኋት። ነገ ጠዋት ሳይሰማሩ ለእያንዳንዱ በግ አንድ ጥቅል በውሃ በጥብጠሽ አጠጪ አልኳት። አንዱን ፈታ አድርጋ አሸተተችው።

«ቀመስሽው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። «እማዬ ደግሞ፣ በእኛ ሙያ መቅመስ ክልክል ነው።»

ጥቅሎቹን ሙዳይዋ ውስጥ ከተተች፣ ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ አድርጋ ለመንገዴ ቋጠረችልኝ።

ያገኘሁት መኪና እህል የጫነ አይሱዙ ነበር። ጋቢና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ የምትባል የአሊዩ አምባ ልጅ ነበረች። ደብረ ብርሃን ካገባች ዓመቷ ነው፤ እናቷን ጠይቃ መመለሷ ነው። ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረችና የባሏ እህቶች ንፍሮ መቀቀል አታውቅም እያሉ እንደሚያሙዋት እየሳቀች አወራችኝ።

«ወላሂ እሳቱን እማግዳለሁ፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን ድንጋይ ነው። እናቴ ቤት ይኸው ባቄላ ለዙህር ሶላት ሳይደርስ ይበስላል። የናንተ የደጋ ውሃ ይፈላል እንጂ አይግልም።»

መጀመሪያ አብሬያት ሳቅኩ። ቀጥሎ የጎረስኩት ቂጣ አፌ ውስጥ ቀረ። ይህን ነገር አውቀው ነበር እኮ! ከፍ ያለ አገር ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ረዳት አስተማሪ ሳለሁ ለተማሪዎች በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ግን የደጋ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ የፈላ ውሃ የፈላ ውሃ ነው፣ ሌላ አገር ከዚህ የባሰ እንደሚግል ከልቤ አስቤው አላውቅም። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር አጠገብ ባለ አገር ነው። የእኔ ውሃ እዚያ ሙቀት ደርሶ ስለማያውቅ ቀለበቴ አልገጠመም። በጥቅሎቹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ያ የሚጠቁረው ጥሬ ዱቄት ነው፤ እሱ ደግሞ መርዝ ነው። ትሎቹን የጨረሰው እሱ ነው፣ በጎቹንም አይምርም።

ሹፌሩን አውርደኝ አልኩት። ዘይነባ ምን ነካሽ ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ አስለቅቄ ወረድኩ። የሚመለስ መኪና ስላልነበረ በእግሬ ያዝኩት። ጭቃው ጫማዬን ይዞ ያስቀረዋል፣ ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም፣ ላብና ካፊያ ተቀላቅሎ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ለነገ ጠዋት ነው ያልኳት፣ እደርሳለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ እግሬ ግን አያምነኝም። እንዲያ ደክሞኝ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ደክሜያለሁ፣ የዚያን ቀኑ ግን ከአጥንቴ አልወጣም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ደረስኩ። መጀመሪያ ወደ በረቱ ሄጄ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ፣ ሁሉም ቆመዋል። ተመስገን ብዬ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ወደ ቤት ስገባ እናቴ መደብ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሙዳዩን ከፈትኩ፤ አሥር ጥቅል ነው ያለው። አሥራ አንደኛው ወረቀት ተፈቶ ከኮሶ ዋንጫው አጠገብ ተቀምጧል።

«የትኛዋ በግ ናት እማዬ? የትኛዋን ነው ያጠጣሽው?»

«በግ አልሰጠሁም» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «እኔ ነኝ የቀመስኩት። አንቺ አልቀመስሽውም።»

አንድ ጉንጭ ነው የወሰደችው፤ ገና መኪናዬ ከዓይኗ ሳይሰወር፣ በባዶ ሆዷ። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳት ውሏል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ብላት ጎረቤት እንዳትጠሪ አለችኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ቄሱ ልጃቸውን አስተምረው እናቷን መረዘች እንዳይባል ነው። እኔም እሺ አልኳት፤ ለዚህ እሺታዬ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ወተት በማንኪያ አጠጣኋት። በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ ምኑ ነው የጎደለው ብላ ጠየቀችኝ።

«አልበሰለም ነበር» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አቃተኝ።

«ያልበሰለ ነገር ለምን አመጣሽልኝ?»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። አሥሩን ጥቅል ይዤ ተመለስኩና ለዶክተር ታዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮሁብኝም፤ ዘይት አምጪ አሉኝ። ጠርሙሱን በውሃ ፋንታ የጋለ ዘይት ውስጥ ነከርነው። የወጣው ዱቄት እንደ ጥቅምት ውርጭ ነጭ ነበር፣ ሲሞቅም መጽሐፉ ባለው ልክ ላይ ቀጥ ብሎ ቀለጠ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ዲግሪውን አገኘሁ። መድኃኒቱ ግን የትም አልደረሰም፤ ውጭ አገር ያሉ ፋብሪካዎች የእኔን ቀለበት ከእኔ በፊት ሠርተው ጨርሰውታል። ሳይመረመር ዳግም ዱቄት ወደ አንኮበር ለመውሰድ አልደፈርኩም፤ ኅዳር ሳይገባ ከበጎቹ አራቱ ሞቱ፣ የተረፉትን ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ወሰዳቸው። እናቴ ከዚያ በኋላ የሰው በግ ፀጉር እየፈተለች ኖረች። ዛሬ ጣቶቿ የማይዘረጉት ከዚያ የተነሣ ነው።

ክኒኗን ከጠረጴዛው አነሣሁና ወደ አልጋዋ ሄድኩ። እናቴ እንዳየችኝ ከንፈሯን ገጠመች። ሦስት ቀን ሙሉ እልህ ነው ብዬ ስቆጣት የነበረው ምን እንደሆነ አሁን ነው የታየኝ፤ አፈርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ከክኒኗ ጫፍ በጥርሴ ቆረስኩና አኘክሁት። ኖራ ኖራ ይላል፣ ትንሽ ይጣፍጣል። እናቴ ዓይኗን ጉሮሮዬ ላይ ተክላ እስክውጠው ጠበቀች።

«በስሏል?» አለችኝ።

ስሜን የምትረሳው ሴት ናት።

«በስሏል እማዬ።»

አፏን ከፈተች። የቀረውን አጎረስኳት፣ ቀስ ብላ አኝካ ዋጠችው፤ ውሃ አቀበልኳትና አጠገቧ ተቀምጬ ቆየሁ።