ትሩፋት ዶክተሩን በዋንዛ ስትቀርጽ

ትሩፋት ነጋ መሮዋን ስላ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትሞክረዋለች። ጥፍሯን ካልፋቀ እንደገና ትስላለች። ከዚያ የዋንዛውን ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አጥብቃ ይዛ የአፍንጫውን ዙሪያ ትቆፍራለች። የተቆፈረው ነጭ ይቀራል፣ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። እንጨቱ ላይ ግራ ያለው ወረቀቱ ላይ ቀኝ ስለሚወጣ ሁሉንም ገልብጣ ነው የምትቀርጸው። ፍቅፋቂውን በብሩሽ ትጠርጋለች፣ ጥቁር ቀለም በሮለር ትቀባለች፣ ወረቀት ታለብስና ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ ታሻለች። ወረቀቱን ከጥግ ይዛ ስትገልጠው ዶክተር ቃለሕይወት ብቅ ይላሉ፤ ጋውናቸውን እንደለበሱ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት በአደንጓሬ ሀረግ ተጠምጥመው።

«ቦርጩን አላበዛሽውም ትሩፌ?» አለ ያሕያ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ክፍል በኮምፖርሳቶ ከፍለው ይሠራሉ፤ የእሱ ሥራ ፎቶ ኮፒ ነው።

«እንዲያውም ቀንሼላቸዋለሁ።»

ይህ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ዶክተሩ ሜዳሊያ የተንጠለጠለበት ጥቅል ጎመን ነበሩ፤ በሁለተኛው የሰው ጽሑፍ የሚያመነዥኩ ፍየል። የዕፅዋት አጥኚዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ናቸው። ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር ትሩፋት በር ላይ ቆማ ህትመቱን ለሚገባው ሁሉ ታድላለች። አባላቱ ፊት ለፊት ይኮሳተራሉ፣ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ነው። ትሩፋት ለማኅበሩ መጽሐፍ ስልሳ ሁለት ዕፅዋት ቀረጸች፤ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ዶክተሩ መጥተው «ሰሌዳዎቹን ለቦርዱ ላሳያቸው፣ በሳምንቱ እመልሳለሁ» ብለው በሁለት ማዳበሪያ ወሰዷቸው። ሰሌዳዎቹ የተመለሱላት በአምስተኛው ወር ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ሽፋኑ «ጽሑፍና ሥዕል፦ ዶክተር ቃለሕይወት ፊሊጶስ» ይላል። ቢሯቸው ሄደች።

«ስሜስ ዶክተር?»

«የኔ እህት፣ አናጢ በሠራው ወንበር ላይ ስሙን ይጽፋል እንዴ?» አሉ። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ።

አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ገጽ በገጽ መረመረች። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመች። አደንጓሬ እንጨት ላይ ሲወጣ ፊት ለፊት ለሚያየው ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመጠመው። የመጽሐፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጣል። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ማተሙን ትተው እንጨቱን ራሱን ፎቶ አንስተውታል! ስልሳ ሁለቱም ግልብጥ ናቸው፤ ሦስት ገምጋሚ አይቶ አሳልፏቸዋል። ያን ጊዜ ሳቀች፤ መሮዋንም አነሳች።

ሦስተኛው ህትመት በታደለ ማግስት ዶክተሩ ራሳቸው ሱቋ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይብቃን። ምን ላድርግልሽ?»

«በሁለተኛው እትም ስሜን ያስገቡ። ሀረጉንም ያስተካክሉ።»

«ሀረጉ ደግሞ ምን ሆነ?»

ከኮምፖርሳቶው ጀርባ ያሕያ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሰውየው ለካ እስካሁን ለምን በአደንጓሬ እንደተጠመጠሙ አልገባቸውም!

«ጓሮዎ አደንጓሬ አለ?» አለች።

«አለ።»

«ሄደው መጽሐፉን አጠገቡ ይያዙት።»

እዚህ ላይ ተሳሳተች፤ ስሟ ሳይገባ ስህተታቸውን ጠቆመቻቸው፤ እሷም ታምናለች። ሁለተኛው እትም ወጣ። ሥዕሎቹ ሁሉ ተቃንተዋል፣ ስሟ የለም። ማኅበሩ አሁን አሮጌውን እትም ለሚመልስ አዲሱን በነጻ እየሰጠ ነው። ማስረጃዋን እየሰበሰቡባት ነው። ሰሌዳዎቹ እጇ ላይ አሉ፤ ከመጀመሪያው እትም ገጽ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ የእንጨቱ ስንጥቅ ሳይቀር አንድ ነው። በአዲሱ ግን ስንጥቁ ተጠርጎ ጠፍቷል፤ ማንም በእጄ ሣልኩት ሊል ይችላል።

አራተኛውን ሰሌዳ ጀምራለች፤ ዶክተሩ መጽሐፍ በማዳበሪያ ተሸክመው ሲሮጡ። ይህን ለሚያነብ ግን ሌላ መልእክት አላት፦

«አሮጌው እትም እጃችሁ ያለ፣ እባካችሁ አትመልሱ። በነጻ ቢሏችሁም አትቀይሩ። ገጽ ሠላሳ አንድን ግለጡና ከሥዕሉ ሥር በእስክሪብቶ ‹ትሩፋት ነጋ ቀረጸችው› ብላችሁ ጻፉልኝ።»