የአዴ ጫልቱ ፊት

ባለፈው ሳምንት በማስተምርባት በእንጭኒ የተከራየኋትን ክፍል ሳጸዳ ከመጻሕፍቴ መሃል አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ወደቀ። ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ዘንበል ያደረገች የእብነ በረድ ሴት ናት፤ የአንድ ጣሊያናዊ ቀራፂ ሥራ። መጥረጊያዬን ጥዬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ኮፒ ያደረግኩት አምቦ ተማሪ ሳለሁ ነው። ክረምት ሲገባ ጓደኞቼ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እኔ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ቀረሁ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ቀን ብዙ ነበር። በመጽሐፍ ያገኘሁት ያ ጣሊያናዊ ቀራፂ ብቻ ጓደኛዬ ሆነ። ከድንጋይ ጠራቢ ቤት መወለዱን፣ ሮም ገብቶ የጥንት ግሪኮችን ሥራ ማጥናቱን፣ ነገሥታት ደጅ እንደጠኑት፣ ሳያገባ መሞቱን ሁሉ በቃሌ አጠናሁ። ስሙን ግን ዛሬም አስተካክዬ አልጠራውም።

በዚያው ሰሞን ወደ ጉደር በሚያወጣው መንገድ ዳር የመቃብር ድንጋይ ከሚጠርቡት ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ተዋወቅኩ። ዝናብ አባሮኝ ቆርቆሯቸው ሥር ብጠለል የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አበሉኝ። በማግስቱም ሄድኩ። እሳቸው መሮ አያያዝ ያስተምሩኛል፣ እኔ ስለ ጣሊያናዊው አወራላቸዋለሁ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የአገሩን ሰው የመቃብር ድንጋይ የሚጠርቡት ሰውዬ የሚስታቸው መቃብር ላይ ሲደርሱ እጃቸው እምቢ አላቸው። ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም። ጉራዬ መቼ አስቀምጦኝ፣ የአዴ ጫልቱን ፊት እኔ እቀርጸዋለሁ አልኩ። ለሚስታቸው መቃብር ብለው ያኖሩትን ድንጋይ ሰጡኝ።

አንድ ወር ሙሉ ሠራሁ። ኦቦ ቶሎሳ አጠገቤ ተቀምጠው አንዳንዴ «ጫልቱ እኮ…» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ፎቶ ኮፒው ላይ እንዳፈጠጥኩ «እሺ» እላለሁ፤ እሳቸውም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሲያልቅ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አሳየኋቸው። እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ በኋላም ሠርቼ አላውቅም። ቀርበው አተኩረው አዩት።

«ይህቺ ማናት፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«አዴ ጫልቱ ናቸው።»

«የፈረንጁ ሴት ናት። ጫልቱ ምን ትመስል እንደነበር አንድ ቀን አልጠየቅከኝም።»

አልተቆጡም። መዶሻቸውን አንስተው ፊቱን ቀስ እያሉ ጠርበው አጠፉት፤ የአዴ ጫልቱን ስም ብቻ ጻፉበት። እኔ አፍሬ ዳግመኛ አልሄድኩም።

ያኔ ብቻውን የቀረ ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ አሁን በሕይወት የሉም። ተማሪዎቼ ስለ ጣሊያናዊው ቢጠይቁኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አወራለሁ። ስለ አዴ ጫልቱ ግን ከስማቸው በቀር የማውቀው የለም፤ ዛሬ ልጠይቅ ብልም የሚነግረኝ አጣሁ።