የሱፍ ጓንቲ

ናዝሬት በሐሩር ስትነድ እንኳ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግራ እጃቸውን ከሱፍ ጓንቲ አያወጡም። ካኪ ኮታቸው በፀሐይ ብዛት ነጥቷል፤ ደረታቸው ላይ ግን ሜዳልያ የምታክል ቦታ ብቻ ቀለሟን አልለቀቀችም። የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ተሻለች ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም፤ «አባባ» ትላቸዋለች።

ያን ዕለት ከተማው የሰሜን ኮሪያ እንግዶችን ሊቀበል ነበርና፣ ተሻለች የኮሪያን ባሕረ ገብ መሬት ሰሌዳ ላይ ሥላ፣ ወገቡን በቀጥታ መስመር ለሁለት ከፈለችው። ለሰልፉ ክፍሉን ሊቆልፉ የመጡት ዘበኛ ሥዕሉን ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ መስመሩ በምሥራቅ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ተራራ አለ።»

«እርስዎ በምን አወቁ አባባ?»

«ጃንሆይ ከደቡቡ ጎን አዝምተውን ነበር። ብርዱ...» አሉና ቀሪውን ዋጡት። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ፣ በሞቴ።»

እንግዶቹ ሲያልፉ ካድሬው «ግራ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ሁሉ የተጨበጠ እጅ መሐል ተሻለች የሱፉን ጓንቲ ለየችው። ዘበኛው ከሁሉም ከፍ አድርገው ይዘውታል። ከጓንቲው ጣቶች ሁለቱ ግን ባዶ ነበሩና አልጨበጡም፤ ነፋሱ ለእንግዶቹ ያውለበልባቸው ነበር።