የጋሼ ደስታ ቀኝ እጅ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ሚስ ሩት ምሳ ጠራችን። አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ቤት ከገዛን ጀምሮ አጥራችን አንድ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። ጎመን በሥጋና የበቆሎ ዳቦ አቀረበች። ግድግዳዋ ላይ የአንድ ጺማም ሰው ፎቶ አየሁና ልጄን "ማን ነው በያት" አልኳት።

"አባባ፣ የአያቷ አባት ነው። ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። ነፃ ሲወጣ ሱቅ ከፈተ፣ ፓስተር ሆነ፣ ተመርጦ እዚሁ አትላንታ ሕግ አውጪ ሆነ። ከዚያ በጠመንጃ አሳደዱት አለች።"

"ይህን ሰውማ አውቀዋለሁ" አልኩ። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም።

በጃንሆይ ጊዜ ከጅማ ወዲያ ባለችው ከተማችን ጋሼ ደስታ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው በባርነት የገዟቸው ሰዎች ናቸው፤ ለማን ደስታ እንደሆነ እንጃ። ነፃ ከወጡ በኋላ ማር ነግደው ወፍጮ ተከሉ። እሁድ እሁድ በቆርቆሮ ዳስ ወንጌል ይሰብካሉ። እኔ ሀያ ዓመት ቢሞላኝ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጆንያ እሸከም ነበር። ለፓርላማ እወዳደራለሁ ያሉ ጊዜ ከተማው ለሁለት ተከፈለ።

ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። በገበያ ቀን የድሮ አሳዳሪያቸው ሁለት ልጆች መጡ። ታላቁ ግርማ ጠመንጃ አንግቷል፤ ታናሹ ተፈራ የከብት ጅራፍ ይዟል።

"አንተ ደስታ! ባሪያ ነው እኛን የሚገዛን?" አለ ግርማ።

ጋሼ ደስታ ወደ ታናሹ ዞሩ። "ተፈራ፣ በትከሻዬ ወንዝ ያሻገርኩህ ልጅ። ግባና ቁጭ በል።"

ጅራፉ ፊታቸው ላይ አረፈ። ወደቁ። ጭቃው ውስጥ እየረገጡ ገረፏቸው። ዱቄት ያነጣው ሸሚዛቸው ቀላ። የወፍጮ ብረት ይዤ ስወጣ ጋሼ ደስታ ከወደቁበት "አስቀምጥ!" ብለው ጮኹብኝ። አስቀመጥኩ፤ የግርማ ሰደፍ ትከሻዬን ሰበረው። ዛሬም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ለካሳ ጊደር ይሰጥ ተባለ።

"ጊደር አልፈልግም" አሉ ጋሼ ደስታ፣ አንድ ዓይናቸው አብጦ። "አንድ ገበታ ቀርበን እንብላ። እሱ ይበቃኛል።"

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። በእኛ አገር ያኔ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ምግብ በኮባ ቅጠል ከደጅ ይሰጠዋል እንጂ አብሮት የሚበላ የለም። ለወንድማማቾቹ እስር ይቀላቸው ነበር።

"ከምበላስ ሞቴን እመርጣለሁ" አለ ግርማ።

ሽማግሌዎቹ ግን እሺ አሉ፤ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ጋሼ ደስታ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱና ጠበቁ። ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ተፈራ ቀረበ፤ ከእጃቸው ጎን ቆረሰ።

ያኔ ግርማ ተኮሰ። ጥይቱ የጋሼ ደስታን እጅ በስቶ ገበታውን ሰነጠቀው። ሦስት ጣቶቻቸው ጎመኑ ላይ ቀሩ። ሰው ተረባርቦ ግርማን ሲጥለው፣ ተፈራ ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሳም። የቆረሰው ቆጮ በእጁ ነው፤ ደም ነክቶታል። ወንድሙን አየ። ጋሼ ደስታን አየ። ጎረሰው።

ግርማ ታሰረ። ተፈራን ቤተሰቡ አባረረው፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። ጋሼ ደስታ ተመረጡ። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከጭነት መኪናው ጋቢና ሁለት ጣት በቀረው እጃቸው ተሰናበቱን።

ልጄ ተርጉማ ስትጨርስ ሚስ ሩት ሹካዋን አስቀመጠች። ሳህኗንም ወደ መሐል ገፋችው።

እጄን ዘረጋሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከስንቱ ጋር በልቻለሁ። ሁለት እጅ አንድ ሳህን ላይ ሲገናኝ ግን፣ እስክጎርስ ድረስ ጆሮዬ ተኩስ ይጠብቃል።